ፎቶው ላይ ዞር ያለችው ልጅ

የበደለችኝ ታላቅ እህቴ ሐዋ ናት። ጊዜው በፈረንጆች ሰማንያ ሁለት፣ ቦታው ሱዳን፣ ገዳሪፍ። ሐዋ አሁን በሕይወት የለችም። የሞተ ሰው አይወቀስም የሚሉ አሉ። በሕይወት ሳለች ስወቅሳት ዝም በይ ይሉኝ የነበሩትም እነሱው ስለሆኑ፣ የቀረኝ ጊዜ ይኸው ነው።

ባሌ ይማም ድንበሩን ሳንሻገር መንገድ ላይ ቀረ። ገዳሪፍ የደረስኩት ልጄን ራሕማን አዝዬ ነው፤ ገና ጡት አልጣለችም። ሐዋና ባሏ ጀማል ቀድመውኝ ደርሰው የአሜሪካ ፕሮሰስ ጀምረው ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። አንድ ቀን ጀማል አስቀመጠኝና፣ "አንቺ የጋብቻ ወረቀት የለሽም፤ ባልሽ ይሙት ይኑር ማስረጃ የለሽም። ያንቺ ጉዳይ ይጓተታል። ልጅቷን በእኛ ስም እናስመዝግባትና ከዚህ በሽታ ትውጣ። ስትመጪ ትረከቢያታለሽ" አለኝ። ሐዋ እጄን ይዛ "ወላሂ" አለች። ካምፑ ውስጥ ልጅ ሳይቀበር የሚውልበት ቀን አልነበረም። እሺ አልኩ።

በሃይማኖታችን ልጅን ከወለዳት አባት ስም ነጥሎ በሌላ ሰው መጥራት አይፈቀድም። ጀማል ቁርአን የቀራ ሰው ነው፤ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቃል። ራሕማ ይማም፣ ራሕማ ጀማል ተብላ አውሮፕላን ተሳፈረች። ከመሄዳቸው በፊት ገበያ ወርደን አንድ ፎቶ ለማስታወሻ ተነሳን። ያ ፎቶ አሁንም አለኝ፤ እመለስበታለሁ።

እኔ ሲያትል ስደርስ ራሕማ አምስት ዓመት ሞልቷት ነበር። ዋይት ሴንተር የተከራዩት ቤት በር ላይ፣ ከሐዋ ቀሚስ ኋላ ሆና አየችኝ። ሐዋ "ራሕማዬ፣ አክስትሽን ሳሚ" አለቻት። እንግዳው ሲበተን ታስተካክለዋለች ብዬ ጠበቅሁ። "ትንሽ ትልመድሽ" አለችኝ። ቆይቶ "ትምህርት ትጀምርና" ሆነ። ከዚያ "ትደግ፤ አሁን ብንነግራት ትረበሻለች" ሆነ። ከገዳሪፍ የመጡት ሁሉ ያውቁ ነበር። በዒድ ቀን ልጄ "አክስቴ" ስትለኝ እየሰሙ ጉርሻቸውን ያኝኩ ነበር። እነሱንም ይዤባቸዋለሁ።

ሥራ ያገኘሁት ካፒቶል ሂል፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ዘንድ ነው። ሚስ ካትሊን ዶላን ይባላሉ። ዕድሜያቸውን በስልክ ኦፕሬተርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ያላገቡ፣ ዓይናቸው እየደከመ የሄደ ሰው ነበሩ። እዚያው ቤታቸው እያደርኩ እንከባከባቸዋለሁ። ሐሙስ ዕረፍቴ ነው። ሐሙስ ሐሙስ አውቶቡስ ይዤ ዋይት ሴንተር እወርድና ከራሕማ ትምህርት ቤት አጥር ባሻገር ቆሜ ሲለቀቁ አያለሁ። ከዚያ እመለሳለሁ።

የሚስ ካትሊን አባት ከአየርላንድ የመጡ ናቸው። ዛሬ ሲያትል ውስጥ ሶዶ የሚባለው ሰፈር ገና የባሕር ረግረግ ሳለ፣ አፈር ሲሞላበት በአካፋ ሠርተዋል። እኚህ ሴትዮ ከጡረታ በኋላ አንድ ሥራ ነበራቸው፤ በብስኩት ቆርቆሮ የታጨቁ የቤተሰብ ፎቶዎችን ይዘው የእያንዳንዱን ሰው መቃብር መፈለግ። ቅዳሜ ቅዳሜ እንወጣለን። መቃብሩ ሲገኝ ፎቶውን ድንጋዩ ላይ ያስቀምጡና ትንሽ ይቆማሉ። ከዚያ ቦታውን ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ ይጽፉና "ይሄም ቤቱ ገባ" ይላሉ።

እኔ እስከዚያ ድረስ መቃብር ረግጬ አላውቅም። እኛ ወሎ፣ ሙስሊሞቹ ዘንድ፣ ሴት ቀብር አትሸኝም። እናታችን ስትሞት እንኳ እኔና ሐዋ ቤት ነው የቀረነው። መቃብር ምን እንደሚመስል ያየሁት በአይሪሾች ነው።

ቤቷ ያልገባች አንዲት ሴት ብቻ ቀርታ ነበር። ሚስ ካትሊን አንድ ወፍራም ካርቶን ላይ የተለጠፈ ፎቶ ያሳዩኛል፦

"ይሄ አባቴ ነው። ይቺ እናቴ፤ እነዚህ ወንድሞቼ። እናቴ ጭን ላይ ያለሁት፣ ጭጋግ የመሰልኩት፣ እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ ፎቶ ሲነሱ ድንጋይ መሆን ነበረብሽ፤ የተንቀሳቀሰ ይደበዝዛል። ፎቶውን አበላሸሽ እየተባልኩ ነው ያደግሁት።"

"ይቺስ? ጥግ ላይ ያለችው?"

"አክስቴ ኖራ። የአባቴ እህት። እኛው ጋ ትኖር ነበር፤ ታበስላለች፣ ታጥባለች። ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ከእናቴ ጋር ተጣልታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ስሟ አይነሳም። እዚሁ ከተማ መሞቷን ብቻ ሰምቻለሁ።"

ይህችን አክስት ለዓመታት ፈልገው አጥተዋታል። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ዓይናቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው በከዘራ ይከተሉኛል፣ እኔ ድንጋዩን አነባለሁ። በአነባበቤ ግን እንነታረክ ነበር። "ዶላን የሚለውን ፈልጊ" ይሉኛል። እኔ ደግሞ ሳላስበው ዓይኔ ፊተኛው ስም ላይ ያርፋል። እኛ አገር ሰው የሚባለው ፊተኛው ስሙ ነው፤ ሁለተኛው የአባቱ ነው፤ ሰውየው እሱ አይደለም። ስለዚህ ኖራ የሚል ባየሁ ቁጥር "ይኸው!" እያልኩ እሳቸውን በጭቃ እጎትታለሁ። ሲደርሱ የማያውቁት ቤተሰብ ሆኖ ይገኛል።

"ዘይነባ፣ እግሬን ጨረስሽው እኮ" ይሉኛል። "አየርላንድ ውስጥ ኖራ ያልተባለች አንዲት ላም ብቻ ናት።"

በሰማንያ ስምንት፣ ኅዳር ላይ፣ አርብ ወደ ማታ ሐዋ ኮል አደረገች።

"ሰኞ እንሄዳለን" አለችኝ።

"ወዴት?"

"ዳላስ። ጀማል እዚያ ጋዝ ስቴሽን አብሮት የሚሠራ ሰው አግኝቷል። ሶ፣ ሁሉን ፓክ አድርገናል። እሑድ ሰዎች ይመጣሉ፤ ብቅ በይ።"

"ራሕማስ፣ እትዬ?"

"ራሕማ ምን? ልጅ ወላጆቿ የሄዱበት ትሄዳለች።"

ወላጆቿ አለች። ያውም አፏ አልተደነቃቀፈም።

"ሐዋ፣ ቃልሽስ?" አልኳት። እትዬ ያልኳት የመጨረሻው ቀን ያ ነው።

"አየሽ፣ ይሄን ነው የምፈራው። ልጅቷ እዚህ ተረጋግታለች። ኩፍኝ ስትታመም አጠገቧ ያደርኩት እኔ ነኝ፤ ትምህርት ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ። አሁን ብትነግሪያት ማንን ትጠቅሚያለሽ? ራስሽን ነው። ካደገች በኋላ እኔው እነግራታለሁ።" ስልኩን ዘጋች።

ቅዳሜ ጠዋት ሚስ ካትሊን ለብሰው፣ ቆርቆሯቸውን ይዘው ሳሎን ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም አልላቸውም፤ ነገሬን ለሰው አልነግርም። ሾርላይን ወዳለው የካቶሊኮች መቃብር በአውቶቡስ ሄድን። ከዚያ በፊት አዲሱን ክፍል አይተናል፤ ያልደረስንበት ከታች፣ ከዛፎቹ ሥር ያለው ብቻ ነበር። ጭጋጉ ሳሩ ላይ ተኝቶ ከወገባችን በታች አይታይም ነበር። ቁራዎች ይጮሃሉ። እዚያ ያሉት ድንጋዮች የቆሙ ሳይሆኑ መሬት ላይ የተጋደሙ ናቸው፤ አረንጓዴ ሽበት በላያቸው ላይ በቅሎ ፊደሉን ውጦታል። እኔ ለዚህ ብዬ ቅቤ መቀቢያ ቢላ በቦርሳዬ እይዛለሁ። ተንበርክኬ እፍቃለሁ፤ ስሙን አነባለሁ፤ እነሳለሁ።

ልቤ ግን ዳላስ ነበር። ከልጄ ስም ውጭ ምንም አላስብም። እሷ የማታውቀውን የአባቶቿን ስም በሆዴ እቆጥራለሁ። እኛ ዘር የምንይዘው በአፍ ነው፤ ፎቶ አያስፈልገንም። ራሕማ ይማም፣ ይማም ሙሄ፣ ሙሄ እንድሪስ እያልኩ እፍቃለሁ። ይህን ቆጠራ የሚነግራት ሰው ከኔ ሌላ እንደሌለ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ።

ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር፣ ሥሩ ያነሳው ትንሽ ድንጋይ ላይ "ኖ" የሚል ወጣ። ፋቅሁ። ኖራ። አልጮህኩም፤ መሳቂያ መሆን ሰልችቶኝ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ፋቅሁ፤ ዶላን አይደለም፤ ሺሃን ይላል። ልነሳ ስል ቢላው ከታች ሌላ ፊደል ነካ። ከዓመተ ምሕረቱ ሥር አንድ መስመር ነበር። እየፋቅሁ ሄድኩ፤ ፊደሉ አንድ በአንድ ከአረንጓዴው ይወጣል። ጨርሼ አነበብኩት። ከዚያ ባለሁበት ተንበርክኬ ቀረሁ።

ሚስ ካትሊን ከኋላዬ ነበሩ። ጭጋጉ ውስጥ እግራቸው አይታይም።

"ምን ይላል?"

"ኖራ ይላል።"

"ኖራ ማን?"

"ሺሃን።"

"እሷ አይደለችማ። ነይ እንሂድ፤ በረደኝ።"

መሄድ እችል ነበር። እኔ ካላነበብኩ ማንም አያነብላቸውም፤ ዓይናቸው እኔ ነኝ። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ልባቸው ደካማ ነው፤ ያለሰው የቀሩ አሮጊት ናቸው። አሁን ቢያውቁት ምን ይጠቅማቸዋል፣ ይረበሻሉ፣ ብዬ አሰብኩ። ይህን ቃል ካሰብኩ በኋላ ነው ከየት እንዳመጣሁት ያወቅሁት። የሐዋ ቃል ነው። አፌ ውስጥ የተቀመጠው እሷ እንዳለችው እንዳለ ነው።

"ዘይነባ፣ ዝም አልሽ እኮ።"

"ከሥሩ ሌላ ነገር ተጽፏል፣ ሚስ ካትሊን።"

"ምን?"

"የካትሊን እናት፣ ይላል።"

ከዘራቸው ላይ ሁለት እጃቸውን ጭነው ቆሙ። የዝግባው ውሃ ኮፍያቸው ላይ ይንጠባጠባል።

"ድገሚልኝ" አሉ። ደገምኩላቸው።

"ካትሊንም ብዙ ነው" አሉ ቀስ ብለው። "እንደ ኖራ ሁሉ።" በከዘራቸው ድንጋዩን ነካ አደረጉ። "ሻንጣ ነበራት። ከአየርላንድ የመጣችበት የእንጨት ሻንጣ። ክዳኑ ላይ ኤንና ኤስ የሚሉ ፊደሎች በነጭ ቀለም ተጽፈው ነበር። ኤሱ ምንድን ነው ብዬ እናቴን ጠየቅኋት። ሻንጣውን ከሌላ ሰው ገዝታው ነው አለችኝ። ለካ አግብታ ነበር፤ ሺሃን የባሏ ስም ነው።"

ቆርቆሮውን ከፍቼ ፎቶውን አወጣሁ፤ ድንጋዩ ላይ ላስቀምጠው ብዬ። ያን ጊዜ አየሁት። ለስንት ወር በእጄ የያዝኩት ፎቶ ነው። የሕፃኗ ፊት ደብዝዟል፤ ግን የደበዘዘው እንዲሁ አይደለም። ጆሮዋ በአንድ በኩል ይታያል፤ ፊቷ ወደ ጥግ ተስቧል። እናት የተባሉት ሴትዮ ጭን ላይ ተቀምጣ፣ ጥግ ወደቆመችው ወደ ኖራ ዞራ ነው። ገዳሪፍ የተነሳነው ፎቶ ትዝ አለኝ። ሐዋ ራሕማን ታቅፋለች፣ ጀማል በኩራት ቆሟል፣ እኔ ጥግ ላይ ነኝ። ሱዳናዊው ፎቶ አንሺ "ያቺን ልጅ ወደፊት አዙሯት" እያለ ተቆጥቶ፣ ተቆጥቶ፣ ሲደክመው እንዲሁ አነሳን። ራሕማ ወደ እኔ ዞራ ቀርታለች።

"ፎቶውን አላበላሹትም" አልኳቸው። "እሷን እያዩ ነበር።"

ሚስ ካትሊን ፎቶውን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው ያዙት፤ እንደማያዩት ሁለታችንም እናውቃለን።

"የትምህርት ቤታችን አጥር ጋ አንዲት ሴት ትቆም ነበር" አሉኝ። "ቡናማ ካፖርት የለበሰች። ከትምህርት ቤት ስንወጣ። እኔን እኔን ታያለች። አንድ ቀን በስሜ ጠራችኝ፤ ፈርቼ ሮጥኩ። ለእናቴ ስነግራት ትምህርት ቤት አስቀየረችኝ።" ፎቶውን መለሱልኝ። "ፊቷ ላይ ሻርፕ ታደርግ ነበር። ኖራ መሆኗን አላወቅሁም።"

እኔ ሐሙስ ሐሙስ የምለብሰው ካፖርት ጥቁር ነው። ያን ሰዓት በላዬ ላይ ነበር፤ አንገቱ ድረስ ቆልፌዋለሁ።

"ሁሉም ያውቁ ነበር" አሉ። "ቄሱ ያውቅ ነበር። እሑድ ምሳ የሚበሉት ጎረቤቶች ያውቁ ነበር። ጥሩ ሰዎች ነበሩ እኮ፤ ሁሉም። ደግ ነበሩ። አንዱ እንኳ፣ ዘይነባ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት አንዱ እንኳ።"

ድንጋዩን ማን እንዳስጻፈው መቃብሩን የሚጠብቁት ሰውዬ ወደ በሩ ስንመለስ ነገሩን። ከዛፎቹ ሥር ያሉትን ድንጋዮች አብዛኞቹን ሰዎቹ ራሳቸው በሕይወት ሳሉ ነው ያሠሯቸው፤ ዘመድ የሌላቸው ናቸው አሉ። ኖራ ልጄ ናት ለማለት የቻለችው ስትሞት ነው፤ እሱንም ለድንጋይ። ድንጋዩን ደግሞ ሽበት በላው።

አውቶቡስ ውስጥ ሚስ ካትሊን እጄን ያዙ። እንዲህ አድርገው አያውቁም። "የኔ ሴት" አሉኝ፣ "የሚባል ነገር ካለሽ ድንጋይ አትጠብቂ።" ስለ ራሕማ አንድም ቀን ነግሬያቸው አላውቅም። ሐሙስ ሐሙስ የት እንደምሄድ ጠይቀውኝም አያውቁም።

እሑድ ዋይት ሴንተር ሄድኩ። ቤቱ በካርቶን ተሞልቷል፤ ሰዎቹ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ከገዳሪፍ የመጡት ሁሉ አሉ። ሐዋ "ሻይ ጠጪ" አለችኝ። ካፖርቴን ሳላወልቅ ራሕማን ጠራኋት። ከቴሌቪዥኑ ፊት ተነስታ መጣች።

"ዘይነባ" አለች ሐዋ፣ "እንዳትጀምሪ።"

"እናትሽ እኔ ነኝ" አልኳት ልጄን። "ሐዋ አክስትሽ ናት። አባትሽ ይማም ይባላል። ጀማል አይደለም። ስምሽ ራሕማ ይማም ሙሄ እንድሪስ አሊ ነው።"

ራሕማ እኔን አየች፤ ወደ ሐዋ ዞራም "ማሚ፣ ኢዝ ሺ ኦኬ?" አለች።

ጀማል ቴሌቪዥኑን አጠፋ። "አሟታል" አለ ለእንግዶቹ። "ሥራ በዝቶባት ነው። ውሃ ስጧት።"

እማማ ዘምዘም የሚባሉ፣ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡ ሴት ከጎኔ ነበሩ። ቀሚሴን ጎተት አደረጉኝ። "አንቺ ልጅ፣ የመንገደኛ ቤት ነው። ዛሬን ባትዪው ምናለ?"

"እማማ፣ እርስዎ ገዳሪፍ አልነበሩም?"

"ነበርኩ።"

"ድንኳናችን ጎን ለጎን አልነበረም? ይቺን ልጅ ጡት የሚያጠባት ማን ነበር? እኔ አመመኝ እንበል። እርስዎ ጤነኛ ነዎት። ይንገሯት።"

ሁሉም ወደ ምንጣፉ አየ። ሐዋ "እማማ" አለች፤ ልመና ነበር። ማንም ሳይናገር ብዙ ቆየን። ጎረቤት መኪና ፓርክ ሲያደርግ ይሰማ ነበር። ሚስ ካትሊን ሰባ ዓመት የጠበቁት ይህን ዝምታ የሚሰብር አንድ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ። እኔም ካጣሁ ሄጄ ድንጋይ አሠራለሁ።

"አንቺ ነሽ" አሉ እማማ ዘምዘም። ከዚያ ለራሕማ፣ "እሷ ናት፣ ልጄ። እኔ አይቻለሁ።"

ራሕማ "ኦኬ" አለች። ጥቂት ቆማ ጫማዋን አየች። "ካን አይ ጎ ናው?" አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ሐዋ ማልቀስ ጀመረች፤ ሴቶቹ እሷን ሊያባብሉ ከበቧት። እኔን ያባበለ የለም። በሩን ራሴ ከፍቼ ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት መንገዱ ማዶ ቆምኩ። ዕቃው ተጭኖ አልቆ ነበር። ማንም አላናገረኝም። ራሕማን ከኋላ አስቀመጧት፤ ሐዋ ከጎኗ ገብታ ትከሻዋን ይዛለች። መኪናው ሲነሳ ልጄ በኋላ መስተዋት ዞር አለች። ጭጋግ ስለነበረ ፊቷ ደብዝዞብኛል። ወደ እኔ ግን ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ መጨረሻው አማረ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አላማረም። ብትነግሪያት ትረበሻለች ያሉኝ እውነታቸውን ነው፤ ተረብሻለች፤ ለዓመታት በስልክም አላናገረችኝም። የተለወጠው ሌላ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ዝምታ ትዕግሥት ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ደግ ስለሆንኩ የምጠብቅ ይመስለኝ ነበር። ያ ድንጋይ ሥር ስንበረከክ ያየሁት ትዕግሥት መጨረሻው የት እንደሚወስድ ነው፤ ሳር ሥር ነው። ከእናንተም መካከል ለልጁ ደኅንነት ብላችሁ የምታውቁትን ዘግታችሁ የምትበሉ አላችሁ። የማን ቤት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ። ጉርሻችሁን ዋጡና ተናገሩ።

ራሕማ ትልቅ ሰው ስትሆን ስሟን በፍርድ ቤት ወደ አባቷ መለሰች። ልጆች አሏት፤ እስከ አሊ ድረስ ይቆጥራሉ። እኔን በስሜ ትጠራኛለች። እማ ብላኝ አታውቅም፤ አልጠየቅኋትም።

ሚስ ካትሊን ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም። በኑዛዜያቸው መሠረት ከዝግባው ሥር፣ ከኖራ ጎን ተቀበሩ። ፎቶው ለእኔ ቀረ። ከጀርባው ቦታውን በእርሳስ ጽፌያለሁ።

ሐዋ ዳላስ ስትሞት የደወለችልኝ ራሕማ ናት። "ትመጫለሽ?" አለችኝ።

"እኛ ዘንድ ሴት ቀብር አትሸኝም" አልኳት።

በዚያው ቅዳሜ ቢላዬን ይዤ በአውቶቡስ ሾርላይን ሄድኩ። የኖራን ድንጋይ ጠርጌ ተመለስኩ።